ለድሮ ስፒከር ክሮስኦቨር፦ ማደስ፣ ማፈላለግ፣ መግዛት ወይስ መሥራት?

የአጎቴን ስፒከር ፈትቼ ወደ ውስጥ ስመለከት መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ባዶ ቦታ ላይ ነው። እንጨቱ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ፣ በመካከላቸው መዳፍ የምታህል፣ አቧራ ያልነካት ነጣ ያለች አራት ማዕዘን። ወፍራሙን ድምፅ ለትልቁ ስፒከር (ለዉፈሩ)፣ ቀጭኑን ለትንሹ (ለትዊተሩ) የሚያከፋፍለው ቦርድ፣ ክሮስኦቨሩ፣ የነበረው እዚያ ነው። አሁን ሁለት ሽቦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ቀጥታ ዉፈሩ ላይ ተበይዷል፤ ትዊተሩ ላይ ደግሞ አንዲት ካፓሲተር ተንጠልጥላለች።

"ከተሠራ ወዲህ ድምፁ ጆሮ ይበሳል። እኔ ደግሞ እርጅናዬ ነው ብዬ ዝም አልኩ" አለኝ አጎቴ።

ስፒከሮቹን ፈረንጅ አራዳ ያለው ቤቱ ያስገባቸው፣ ከእርሻ ኮሌጁ ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ ፈረንጅ መምህር ገዝቶ ነው። ቱ-ዌይ ናቸው፦ ባለ 8 ኢንች ዉፈር፣ ባለ 1 ኢንች ዶም ትዊተር፣ 8 ኦም። አንደኛው ሳጥን ሲበላሽ የሰጡት ጠጋኝ ቦርዱን አውጥቶ ወስዶታል፤ ለምን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሁለተኛው ሳጥን ግን ማንም ሳይነካው ተርፏል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ከዚያ ወዲህ ጅማ ውስጥ የብዙ ሰው የድሮ ስፒከር ከፍቻለሁ። የሚጠይቁኝ ሁሌም ያንኑ ነው፦ ይታደስ? ተመሳሳዩ ይፈለግ? ገበያ ላይ ያለው ዝግጁ ቦርድ ይግባ? ወይስ ይሠራ? ለቸኮለ ሰው መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ቦርዱ ካለ አድሱት። ከጠፋ ከመንትያው ሳጥን ቅዱት። ዝግጁውን ቦርድ የመጨረሻ ምርጫ አድርጉት። ለምን እንደዚያ እንደምል ነው የሚቀጥለው።

እንደ ፊውዝ የማይቀየር ነገር

ፊውዝ ሲቃጠል ቁጥሩን አይቶ ሌላ መክተት ነው። ብዙ ሰው ክሮስኦቨርንም እንደዚያ ያስበዋል፤ "ባለ 8 ኦም ቱ-ዌይ ስጠኝ" ብሎ ሱቅ ይገባል። ክሮስኦቨር ግን ለአንድ ዉፈርና ለአንድ ትዊተር ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ኮይል ቀጭኑን ድምፅ ከዉፈሩ ይከለክላል፤ ካፓሲተር ወፍራሙን ከትዊተሩ ይከለክላል፤ ሬዚስተር የትዊተሩን ጩኸት ከዉፈሩ ጋር ያመጣጥናል። ችግሩ "8 ኦም" የሚለው ቁጥር ላይ ነው። ባለ 8 ኦም ዉፈር በቴስተር ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 7 ኦም ያሳያል፤ 3000 ሄርዝ አካባቢ ደግሞ የራሱ የድምፅ ጥቅል ኮይል ስለሆነ 15 ኦምና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። ፋብሪካው ቦርዱን የሠራው ያንን ዉፈር እየለካ፣ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ እያዳመጠ ነው። የሱቁ ቦርድ ግን የተሰላው ዉፈር ሁሌም ልክ 8 ኦም ነው ተብሎ ነው።

ሁለት የታወቁ የድሮ ስፒከሮችን እንይ። የጄቢኤል ኤል-100 ዉፈር ፊት ኮይል የሚባል የለም፤ ዉፈሩ ቀጭኑን ድምፅ በራሱ ጊዜ እየተወው እንዲሄድ ነው የታሰበው፤ ካፓሲተር የተደረገው ለሚድሬንጁ (የመካከለኛውን ድምፅ ለሚያወጣው) እና ለትዊተሩ ብቻ ነው። ቢቢሲ ለስርጭት ሥራ ያወጣው ኤልኤስ 3/5ኤ ደግሞ ትንሽ ሳጥን ሆኖ ክሮስኦቨሩ በኮይልና በካፓሲተር የተጨናነቀ ነው። የአንዱን ቦርድ ለሌላው ብትሰጡ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ሁለቱም ግን "ክሮስኦቨር አላቸው" ይባላል።

ቦርዱን ከመክሰስ በፊት

የቀኝና የግራውን ሽቦ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ አለዋውጡ። ችግሩ ከሳጥኑ ጋር ከቀረ ስፒከሩ ወይም ገመዱ ነው፤ ወደ ሌላው ሳጥን ከዞረ አምፕሊፋየሩ ወይም ከእሱ በፊት ያለው ነው። ይህን ሳያደርጉ ሳጥን የሚከፍቱ ሰዎች አሉ፤ እኔም ነበርኩ።

ቀጥሎ የዉፈሩንና የትዊተሩን ሽቦ ፈታ አድርጋችሁ ለየብቻ በቴስተር ለኩ። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተቃጥሏል፤ ክሮስኦቨር ብትቀይሩም አይነሳም። ትዊተር የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ድምፁ ሲቆራረጥ ነው፤ ማታ መብራት ሲደክም ደግሞ አምፕሊፋየሩ ከወትሮው ቀድሞ እዚያ ደረጃ ይደርሳል። ሰርግ ላይ የዋለ ስፒከር በማግስቱ ትዊተሩ ዝም ቢል አይግረማችሁ።

የድምፅ ማስተካከያ ቁልፍ ከኋላቸው ያለባቸው ስፒከሮች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አኮስቲክ ሪሰርች በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራቸው እነ ኤአር-3 እዚህ ላይ ስመ ጥር ናቸው፤ ውስጡ ያለው ዟሪ ሬዚስተር ይዝግና ትዊተሩ ወይም ሚድሬንጁ ይጠፋል። የእኛ የጅማ እርጥበት ይህን ያባብሰዋል፤ ክረምቱን ሙሉ እልፍኝ ጥግ የቆመ ሳጥን መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ቁልፉን ደጋግሞ ማዞርና የመገናኛ ማጽጃ መርጨት ለጊዜው ያስነሳዋል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ቁልፉን አውጥቶ፣ ባለቤቱ በሚወደው ድምፅ ልክ፣ በቋሚ ሬዚስተር መተካት ነው።

የነበረውን ማደስ

ቦርዱ በቦታው ካለ ሌላ ነገር አታስቡ። ኮይል የተጠቀለለ መዳብ ነው፤ ካልተቃጠለና ካልተቆረጠ ሃምሳ ዓመትም ቢቆይ ያው ነው። ሬዚስተርም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የሚያረጀው ካፓሲተሩ ነው፣ እሱም ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው፣ በአሉሚኒየም ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ሲሊንደር። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በዓመታት ይደርቃል፤ መጠኑ ይዛባል፤ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል። ያልተነካውን የአጎቴን ቦርድ ስለካው 8 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት 10.6 አነበበ፤ 4 የተጻፈበት ደግሞ 3.1። ስለዚህ "ድምፁ ድሮ ደስ ይል ነበር" የሚል ሰው ሁሌም ትዝታ ብቻ አይደለም የሚያወራው።

ምትክ ስትገዙ ያው መጠን፣ ቮልቱ ከቀድሞው ያላነሰ፣ ደግሞም ፖላሪቲ የሌለው መሆን አለበት። 50 ዋት ወደ 8 ኦም የሚሰጥ አምፕሊፋየር የሚያወጣው ከፍተኛ ቮልት 28 ገደማ ስለሆነ ባለ 50 ቮልት ይበቃል፤ ባለ 100 ካገኛችሁ የተሻለ። ተራ የቴሌቪዥን ካፓሲተር ፕላስና ማይነስ ስላለው ለብቻው አይሆንም። ሌላ ከታጣ ሁለቱን ማይነስ ከማይነስ አገናኝቶ ሲሪስ (በተከታታይ) ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል፤ ሁለት 10 ማይክሮፋራድ 5 ይሆናሉ። እኔ ይህን ለሙከራ እንጂ ለዘለቄታ አላደርገውም።

እዚህ ከተማ ውስጥ ጥሩ ካፓሲተር ለማግኘት ሬዲዮ ሠሪ ጋር መሄድ ግድ አይደለም። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ግቡና የፋን ወይም የውሃ ፓምፕ ካፓሲተር ጠይቁ። ያ ነጭ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ሳጥን ውስጡ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፕሊን ፊልም ነው፤ ፖላሪቲ የለውም፤ 400 እና 450 ቮልት ይችላል፤ መጠኑም ላዩ ላይ ከተጻፈው ብዙ አይርቅም። የፋኑ ከ1.5 እስከ 4 ማይክሮፋራድ ባለው ውስጥ ይገኛል፤ የፓምፑ 8፣ 10፣ 12፣ 16 እያለ ይሄዳል። ፓራለል (ጎን ለጎን፣ ጫፍ ከጫፍ አገናኝታችሁ) ስታደርጓቸው ይደመራሉና የጎደለውን መሙላት ቀላል ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተር ለማስነሳት ብቻ የሚያገለግለው ጥቁር ሲሊንደር ካፓሲተር ኤሌክትሮላይቲክ ነው፤ እሱን አትውሰዱ። ያገለገለ ካፓሲተር ከያዛችሁም ሁለቱን ጫፍ በሬዚስተር አገናኝታችሁ ሳታራግፉ አትንኩት።

ከኤሌክትሮላይቲክ ወደ ፊልም ስትቀይሩ ትዊተሩ ትንሽ ደመቅ ብሎ ሊሰማችሁ ይችላል። የድሮው ካፓሲተር የራሱ የውስጥ ተቃውሞ ነበረው፤ የአዲሱ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ካስቸገረ ግማሽ ኦም ገደማ ሬዚስተር ሲሪስ ማስገባት ይመልሰዋል። ሁለቱንም ሳጥን በአንድ ቀን አድሱ። አንዱ ታድሶ ሌላው ከቀረ ድምፃዊው ከመሃል ተነስቶ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።

ተመሳሳዩን ማፈላለግ

በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም ይሻላል፤ በተግባር ትዕግስት ይጠይቃል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንዲት ቦርድ ብሎ የሚሄድ ሰው የለም፤ አውቶቡስ ተሳፋሪ ዘመድ ላይ መንጠልጠል ነው። ቦርድ ለብቻው ሲሸጥ የማየት ዕድል ጠባብ ነው። ይልቅ የዉፈሩ ወረቀት የተቀደደ፣ ትዊተሩ የሞተ፣ ማንም የማይፈልገው የዚያው ሞዴል ሳጥን ፈልጉ። ሻጩ ለሳጥኑ ነው ዋጋ የሚጠይቃችሁ፤ ውስጡ ያለውን አያስበውም። ኸርማታ ገበያ አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ "ስፒከር አለ?" ከማለት "የተበላሸ ስፒከር አለ?" ማለት ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል።

የሞዴሉ ስም መመሳሰሉ ግን አይበቃም። ኤልኤስ 3/5ኤን እንደገና እንውሰድ፦ መጀመሪያ 15 ኦም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 11 ኦም ተቀየረ፣ ክሮስኦቨሩም አብሮ ተቀየረ። የአንዱን ለሌላው ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ቦርዱን ብቻ ሳይሆን የዉፈሩንና የትዊተሩን ጀርባ ቁጥር አመሳክሩ። ያገኛችሁት ኦሪጅናልም የእኩያው አሮጌ ካፓሲተር ስላለበት ለማንኛውም ማደስ አይቀርላችሁም።

ዝግጁውን ቦርድ መግዛት

ርካሽ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ዛሬውኑ ይገኛል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቦርድ፣ ላዩ ላይ በነጭ "ዉፈር" "ትዊተር" የሚል በፈረንጅኛ ተጽፎበት፣ ከጎኑ የማይታመን የዋት ቁጥር። የሚፈተነው ግን ሒሳቡ ላይ ነው።

ባለ 4 ኦም የድሮ ስፒከር አላችሁ እንበል፤ የሱቁ ቦርድ ለ8 ኦም በ3000 ሄርዝ የተሰላ ቀላሉ ዓይነት ነው፣ ማለትም አንድ 0.42 ሚሊሄንሪ ኮይልና አንድ 6.6 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ኦሙ በግማሽ ሲወርድ የዉፈሩ ድምፅ የሚቆረጥበት ሄርዝ ወደ 1500 ይወርዳል፤ የትዊተሩ ወደ 6000 ይወጣል። በመሃል ከ1500 እስከ 6000 ያለው ጉድጓድ ይሆናል። የዘፋኙ ቃል ጥርት ብሎ የሚለየው፣ የክራሩ ምት የሚሰማው እዚያ ውስጥ ነው። ባለቤቱ "ቤዙም አለ፣ ጩኸቱም አለ፣ ግን ዘፈኑ የለም" ሲላችሁ እየነገራችሁ ያለው ይህንኑ ነው።

ባለ 8 ኦም ላይም ቢሆን ትዊተሩን የሚያለዝበው ሬዚስተር ብዙ ጊዜ የለበትም። የድሮ ዶም ትዊተር ከዉፈሩ 3 ወይም 6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ቢበልጥ ፋብሪካው በሬዚስተር ያስተካክለው ነበር። ያለሱ ጆሮ ይበሳል። ዝግጁ ቦርድ ከገባ በኋላ ይህን ለማስተካከል ለ8 ኦም ትዊተር፦ 3 ዲሲቤል ለመቀነስ 2.2 ኦም ሲሪስ፣ 20 ኦም ከትዊተሩ ጋር ፓራለል፤ 6 ዲሲቤል ለመቀነስ 4 ኦም ሲሪስ፣ 8 ኦም ፓራለል። ባለ 10 ዋት ነጭ የሲሚንቶ ሬዚስተር ተጠቀሙ።

ታዲያ መቼ ይግዛ? ዉፈሩም ትዊተሩም ከዚህ በፊት በሌላ የተተካ፣ ኦሪጅናሉ ጨርሶ የጠፋ፣ ለሱቅ በራፍ ወይም ለድንኳን የሚውል ሳጥን ከሆነ ይግዛ። ቢያንስ ትዊተሩን ከመቃጠል ያድነዋል። የአባት ቅርስ ለሆነ ስፒከር ግን ይህን ቦርድ አላስገባም፤ በነጻ ቢሰጡኝም።

ከመንትያው መቅዳት

ስፒከር ጥንድ ሆኖ ነው የሚወለደው፤ ሁለቱም ሳጥን እኩል የሚበላሽበት ጊዜ ጥቂት ነው። ያልተነካው ሳጥን ከማንኛውም ሥዕል የበለጠ እውነት ይናገራል። ለአጎቴ ያደረግኩት ይህን ነው፤ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የደህናውን ቦርድ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ በእርሳስ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሣሉ። ቀለሙን ጻፉ። የትዊተሩ ፕላስና ማይነስ ከዉፈሩ ጋር ተገላቢጦ ካገኛችሁት "ተሳስተው ነው" ብላችሁ እንዳታስተካክሉት፤ በአንዳንድ ክሮስኦቨር ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው።

ካፓሲተሩን ስትቀዱ የተጻፈውን ቁጥር ውሰዱ እንጂ የለካችሁትን አትውሰዱ፤ የለካችሁት እርጅናውን ነው። ኮይሉ በተቃራኒው ነው፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይጻፍበትም፣ ግን አያረጅምና የምትለኩት ልክ ነው።

ኤልሲአር ሜትር (ኮይልና ካፓሲተር የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ካላችሁ በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂቶ ፉርዲሳ ግቢ የኤሌክትሪካል ተማሪ የምታውቁ ከሆነ እሱን ጠይቁ። ከሌለም ስልካችሁ አለ። ድምፅ የሚያመነጭ መተግበሪያ ጫኑ፣ ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኙት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጉ። ኮይሉን ከቦርዱ አንድ እግሩን ነቅላችሁ ከ10 ኦም ባለ 10 ዋት ሬዚስተር ጋር ሲሪስ አድርጉና አምፕሊፋየሩ ላይ አስሩት። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ የሬዚስተሩን፣ አንድ ጊዜ የኮይሉን ቮልት እያነበባችሁ ሄርዙን ውጡና ውረዱ። ሁለቱ ቮልት እኩል የሚሆኑበትን ሄርዝ ያዙ። 10ን ለ6.28 አካፍሉ፣ ውጤቱን ደግሞ ለዚያ ሄርዝ፤ የምታገኙት ሄንሪ ነው። የአጎቴ የዉፈር ኮይል 1060 ሄርዝ ላይ እኩል ሆነ፦ 1.5 ሚሊሄንሪ። የትዊተሩ 3180 ላይ፦ 0.5። ርካሽ ቴስተር ከፍ ባለ ሄርዝ ትክክለኛ ቮልት አያነብም፤ እዚህ ግን የምታወዳድሩት ሁለቱን በአንድ ሄርዝ፣ በአንድ ቴስተር ስለሆነ ስህተቱ ይጣፋል።

ከዚያ ጥቅለላ። የመዳብ ሽቦው ዳይናሞ የሚጠመጥሙ ሰዎች ጋ በኪሎ አለ፤ የቡና መፈልፈያና የወፍጮ ሞተር በበዛበት ከተማ ይህ አይጠፋም። እኔ ባለ 0.9 ሚሊሜትር ገዛሁ። 32 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የውሃ ቱቦ በ25 ሚሊሜትር ቆርጬ፣ ግራና ቀኙን በኮምፔንሳቶ ክብ ዘጋሁት። ሃሮልድ ዊለር እ.ኤ.አ. በ1928 ያሳተመው የኮይል ቀመር ለዚህ ልክ 225 ዙር ገደማ ይሰጣል፤ በአንድ ረድፍ 26 ዙር፣ ወደ 9 ረድፍ። የሚፈጀው 29 ሜትር ያህል ሽቦ፣ ክብደቱ ከ170 ግራም በታች፣ የራሱ ተቃውሞ 0.8 ኦም አካባቢ ነው። 235 ዙር ጠቅልዬ፣ በዚያው በስልኩ ዘዴ እየለካሁ ጥቂት ጥቂት እየፈታሁ 1060 ላይ አመጣሁት። ቁጥሩን እየቆጠርኩ ሳለ የአጎቴ ሚስት ቡና አቅርባ "ስንት ደረስክ?" ብላ ጠየቀችኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስለዚህ በየ25 ዙሩ ወረቀት ላይ መስመር አስምሩ።

የሽቦውን ውፍረት ስትመርጡ የደህናውን ኮይል ተቃውሞ በቴስተር እዩ። እሱ 0.7 ወይም 0.8 ከሆነ እናንተም እዚያው ሁኑ። "ወፍራም ይሻላል" ብሎ ከዚያ በጣም ዝቅ ማድረግ የቤዙን ጠባይ ይለውጠዋል፤ ፋብሪካው ያንን ተቃውሞም ቆጥሮት ነበርና። ኦሪጅናሉ ብረት መሃሉ ያለበት ኮይል ከሆነም በአየር ኮይል መተካት ይቻላል፤ ለተመሳሳይ ተቃውሞ ግን ብዙ መዳብ ይበላል።

ቦርዱ ላይ ሁለቱን ኮይሎች ጎን ለጎን አታስተኙ። አንዱ ቢተኛ ሌላው ይቁም፣ ራቅም ይበሉ፤ አለበለዚያ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰርቃል። በመሃላቸውም የብረት ብሎን አታሳልፉ፤ ብረቱ ሚሊሄንሪውን ይቀይረዋል። በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሯቸው። ለመደብነት ቁራጭ የዋንዛ ጣውላ ተጠቀምኩ፤ ጅማ ላይ በርጩማ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ቁራጭ ሞልቷል፣ ብሎንም ይይዛል።

ከባዶ መንደፍ

መንትያውም ከጠፋ፣ ወይም ትዊተሩ ሞቶ ሌላ ዓይነት ከገባ፣ የድሮዎቹ የካፓሲተርና የኮይል መጠኖች ስለማይሠሩ አዲስ መንደፍ ግድ ይሆናል። ይህ ከሌሎቹ ሁሉ የሚከብደው ነው፤ በቀመር ብቻ የሚጨረስም አይደለም። ዜግፍሪድ ሊንክዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1976 በስሙና በባልደረባው ራይሊ ስም የሚጠራውን ክሮስኦቨር አሳተመ፤ በ12 ዲሲቤል ዓይነቱ ለ8 ኦም በ3000 ሄርዝ ካፓሲተሩ 3.3 ማይክሮፋራድ፣ ኮይሉ 0.85 ሚሊሄንሪ ይሆናል፣ ትዊተሩም ይገለበጣል። ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ከላይ እንዳልኩት ዉፈር 8 ኦም ሆኖ አይቀመጥምና። ዉፈሩ ጎን ሬዚስተርና ካፓሲተር ሲሪስ አድርጎ ፓራለል ማሰር ያንን የኦም መውጣት ያረጋጋዋል፤ ሬዚስተሩ በቴስተር የለካችሁት የዉፈሩ ኦም በ1.25 ተባዝቶ ይጀመራል።

በደንብ ለመሥራት የመለኪያ ማይክሮፎን ያስፈልጋል፤ የስልክ ማይክ አያዋጣም። ማይክሮፎኑ ከተገኘ ሩም ኢኪው ዊዛርድና ቪቱክስካድ የሚባሉት ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ማይክሮፎን ከሌላችሁና ማንም ሊያውሳችሁ ካልቻለ ይህን መንገድ አልመክርም፤ በጆሮ ብቻ መንደፍ ዛሬ የወደዱትን ነገ መጥላት ነው።

ወጪና ጊዜ

ማደስ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ወጪው የካፓሲተር ብቻ። መቅዳት ሁለት ቅዳሜ ይወስዳል፤ ትልቁ ወጪ መዳብ ነው፣ ለሁለቱም ኮይል 300 ግራም ብትገዙ ይተርፋችኋል። ማፈላለግ በገንዘብ ሳይሆን በወራት ነው የሚቆጠረው። ዝግጁው ቦርድ ዛሬ ርካሽ ነው፤ ግን ካልተዋጠላችሁ ሬዚስተር፣ ከዚያ ሌላ ካፓሲተር፣ ከዚያ ሌላ ቦርድ እያለ ይሄዳል። ንድፍ ማይክሮፎኑን ጨምሮ ከስፒከሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ጠጋኝ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ የሚወጣው አሮጌ ዕቃ በሙሉ ለእናንተ ይመለሳል። የአጎቴ ቦርድ የጠፋው ይህን ባለማለቱ ነው።

የአጎቴን አዲሱን ቦርድ በእነዚያው በአራቱ ቀዳዳ አሰርኩት፤ ዋንዛው ከነጣችው ቦታ በጣት ያህል ሰፋ ብሎ ወጣ። የደህናውንም ሳጥን ካፓሲተሮች ቀየርኩ፤ የወጡትን በፕላስቲክ አድርጌ ሳጥኑ ውስጥ ለጠፍኩ፤ ከኋላው ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥርና ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩ። ብሎኖቹን ከማጥበቄ በፊት በ1.5 ቮልት ባትሪ ሁለቱንም ዉፈሮች ነካ አድርጌ ወረቀታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ መግፋቱን አየሁ። መጀመሪያ ያጫወትነው ዜና ነው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። አጎቴ ወንበሩን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሳበና "ሰውዬው ከየትኛው ሳጥን ነው የሚያወራው?" አለኝ።